«ኮንታሚናንት ነው» ከማለት በፊት

ከታማሚ ደም የተዘራ ካልቸር (ባክቴሪያ ካለ እንዲያድግ የሚደረግበት ምርመራ) በ24ኛው ሰዓት ከኢንኩቤተር ሲወጣ ብለድ አጋሩ (ደም የተቀላቀለበት ማሳደጊያ) ላይ የሚታየው ነገር ዓይን የሚስብ አይደለም። የስፒል ራስ የምታህል፣ ለስለስ ያለች፣ በግራጫና በክሬም መካከል የሆነች ኮሎኒ፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምር ናት። ሌላው ማሳደጊያ፣ ማኮንኪ አጋር ላይ ቀለም የላትም። ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም የሚለይ ምርመራ) ሲሠራላት ግራም ኔጌቲቭ ዘንግ ሆና ትገኛለች፤ ሁለቱ ጫፎቿ ቀለሙን ጠጥተው መሃሏ ሳሳ ስለሚል የተዘጋ መርፌ ቁልፍ ትመስላለች። የኦክሲዴዝ ምርመራዋ ፖዘቲቭ ነው። እዚህ ላይ ሥራ የበዛበት እጅ ቅጹን ያነሳና «የሱዶሞናስ ዝርያ፣ ኮንታሚናንት ሊሆን ይችላል» ብሎ ይጽፋል፤ ከውጭ የገባ ብክለት ነው ማለቱ ነው። ፕሌቱም፣ ማሳደጊያው ያለበት ሰሃን፣ ከሚቃጠለው ጋር ይሄዳል።

ያ ፕሌት ሁለት ቀን ቢታገሡት ሌላ ነገር ያሳይ ነበር። በ48 ሰዓት ኮሎኒዋ ትሰፋለች፣ ላይዋ ይደርቃል፣ እንደ ብረት ያለ ወዝ ታወጣለች። በ72 ሰዓት ደግሞ እንደ ደረቀ ቆዳ መጨማደድ ትጀምራለች፤ ማኮንኪው ላይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ትሆናለች። የባክቴሪያዋ ስም ቡርክሆልደሪያ ሱዶማሌይ ነው፤ የምታመጣው በሽታ ሜሊዮይዶሲስ ይባላል።

በሽታው ከብርቅዬዎቹ ተርታ ይመደባል። ብርቅነቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የተፈጥሮ፣ ሌላው የቤተ ሙከራ። ባክቴሪያው በሌለበት አገር በሽታው ቢጠፋ የሚገርም ነገር የለም። ባለበት አገር የሚጠፋው ግን ስለሚጣል ነው። በ2016 የወጣ ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓመት ወደ 165,000 ሰው እንደሚይዝና ወደ 89,000 ሰው እንደሚገድል ገምቷል። በ45 አገሮች መኖሩ የታወቀ ሲሆን፣ በሌሎች 34 አገሮች ደግሞ ማንም ሪፖርት ሳያደርገው ሊኖር እንደሚችል የጥናቱ ስሌት ያሳያል። 34 አገር ሙሉ ፕሌት ቆሻሻ ውስጥ ገብቶ እንደሆነስ?

መኖሪያው አፈርና ውኃ ነው። በተለይ እርጥብ ሸክላማ አፈር ይመቸዋል፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደግሞ የሩዝ ማሳ። ፍለጋው የሚካሄደው አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ነው፤ ላይኛውን ንብርብር ፀሐይ ያደርቀዋል። ዝናብ ሲበዛ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ይላል፣ ባክቴሪያውም አብሮ ወደ ላይ ይመጣል። በሰሜን አውስትራሊያ ከአምስቱ ታማሚዎች አራቱ በዝናቡ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት የሚያዙት ለዚህ ነው። ጽናቱን ለመረዳት አንድ ሙከራ ይበቃል፦ ታይላንድ ውስጥ ምንም ምግብ በሌለበት የተጣራ ውኃ ውስጥ ተከድኖ የተቀመጠ ናሙና ከ16 ዓመት በኋላ ሲመረመር ባክቴሪያው በሕይወት ተገኝቷል።

ሰው የሚይዘው በሦስት በር ነው፤ በተጫረ ወይም በቆሰለ ቆዳ፣ በትንፋሽ (በተለይ በዐውሎ ነፋስ ጊዜ ጠብታው አየር ላይ ሲበተን)፣ እንዲሁም ክሎሪን ባልነካው የመጠጥ ውኃ። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

መጀመሪያ ያገኙት አልፍሬድ ዊትሞርና ረዳቱ ክሪሽናስዋሚ ናቸው፤ በ1911 በርማ ውስጥ በራንጉን። ሟቾቹ በአብዛኛው ሞርፊን በመርፌ የሚወስዱ ድሆች ነበሩ። አስከሬናቸው ሲመረመር ሳንባቸው፣ ጉበታቸውና ጣፊያቸው በመግል ቋት ተሞልቶ ተገኘ። ነገሩ ግላንደርስ የሚባለውን የፈረስና የአህያ በሽታ ይመስላል፤ ከመግሉ ያደገው ባክቴሪያ ግን የግላንደርሱ አልነበረም። «ሜሊዮይዶሲስ» የሚለውን ስም ስታንተንና ፍሌቸር በ1921 ያወጡት ከዚሁ ተነሥተው ነው፤ «ሜሊስ» በግሪክ የአህያ በሽታ ስም ነው። እንግዲህ ከስሙ ጀምሮ «ሌላ ነገር ይመስላል» የሚል በሽታ ነው።

ወደ ፕሌቱ እንመለስ። ባክቴሪያውን ለመጠርጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሦስት የአንቲባዮቲክ ዲስክ ይበቃል። ጄንታማይሲን 10 ማይክሮግራም፣ ኮሊስቲን 10 ማይክሮግራም (ከሌለ ፖሊሚክሲን ቢ 300 ዩኒት)፣ አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት 30 ማይክሮግራም። ከንጹሕ ኮሎኒ 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) የሆነ ድፍርስ ተዘጋጅቶ ሙለር ሂንተን አጋር ላይ ይቀባል፣ ዲስኮቹ ይቀመጣሉ፣ በ35 ዲግሪ ለ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ሜሊዮይዶሲስ ከሆነ ባክቴሪያው እስከ ጄንታማይሲኑና እስከ ኮሊስቲኑ ዲስክ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል፤ በአሞክሲሲሊን ክላቩላኔቱ ዙሪያ ግን ሰፊ ባዶ ክብ ይታያል። ሁሉም የሚያውቀው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ተቃራኒውን ያሳያል፤ ለሁለቱ ይሸነፋል፣ ሦስተኛውን ይቋቋማል። ዘመዱ ቡርክሆልደሪያ ሴፓሺያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱንም ይቋቋማል። ለጄንታማይሲን የማይበገር ነገር ለአሞክሲሲሊን ክላቩላኔት ከተሸነፈ ያ ጥምረት ማስደንገጥ አለበት።

የት ይሳሳታል? መጀመሪያ ዲስኩ ላይ። የቆየ ወይም እርጥበት የገባው ጄንታማይሲን ዲስክ ማንኛውንም ባክቴሪያ ያሳድጋል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ባሕርይው የታወቀው መፈተሻ ባክቴሪያ፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ኤቲሲሲ 27853፣ ጎን ለጎን ይሠራ። ለሦስተኛው ዲስክ ኢኮላይ ኤቲሲሲ 25922 ይሆናል። ሁለተኛው ስሕተት ኮሊስቲን ላይ ነው። መድኃኒቱ አጋር ውስጥ በደንብ ስለማይሰራጭ በሚሸነፍ ባክቴሪያም ዙሪያ የሚፈጥረው ክብ ጠባብ ነው፤ ጠባቡን ክብ «ተቋቁሟል» ብሎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። የሚፈለገው ምንም ክብ አለመኖሩ ነው። ሦስተኛው ነገር ለቦታው ይወሰናል፤ በማሌዥያዋ ሳራዋክ ለጄንታማይሲን የሚሸነፉ የዚሁ ባክቴሪያ ዓይነቶች አሉ። ከዚያ የመጣ ሰው ከሆነ የሦስቱ ዲስክ ሕግ አያድንም።

አክታ፣ የጉሮሮ ስዋብና ሽንት ብዙ ሌላ ባክቴሪያ ስለሚይዙ መራጭ አጋር ይፈልጋሉ። አሽዳውን አጋር ለዚሁ የተሠራ ነው፤ በየትኛውም ቤተ ሙከራ ሊበስል ይችላል። ለ1 ሊትር፦ ትሪፕቶን ሶያ ብሮዝ 10 ግራም፣ አጋር 15 ግራም፣ ግሊሰሮል 40 ሚሊ ሊትር፣ 0.1 ከመቶ ክሪስታል ቫዮሌት 5 ሚሊ ሊትር፣ 1 ከመቶ ኒውትራል ሬድ 5 ሚሊ ሊትር። በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ኦቶክሌቭ ይደረጋል፤ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ ጄንታማይሲን 8 ሚሊ ግራም ይጨመርና ይቀዳል። ግሊሰሮሉን በሲሊንደር መስፈር የተለመደ ስሕተት ነው። እንደ ማር ስለሚወፍር ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ትንሽ አይደለም፤ ኮሎኒዎቹ የሚጨማደዱት ደግሞ በግሊሰሮሉ ብርታት ነው። 50 ግራም በሚዛን መመዘን ይሻላል፤ ከ40 ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ነው። ፕሌቱ በ37 ዲግሪ ቢያንስ 4 ቀን ይቆያል፣ በየቀኑ ይታያል። በአራት ቀን አጋሩ እንዳይሰነጠቅ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባ። ባክቴሪያው ካለ መጀመሪያ እንደ ጠብታ ያለ ሐምራዊ ነገር ይወጣል፤ በአራተኛው ቀን ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር የተሸበሸበ ወይን ጠጅ ኮሎኒ ይሆናል። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

ማሽን ያለው ቤተ ሙከራ ከዚህ ጣጣ የዳነ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ኤፒአይ 20 ኤንኢ የሚባለው የባክቴሪያ መለያ ስትሪፕ ባክቴሪያውን ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሲየም ብሎ የጠራበት ጊዜ አለ። ቪቴክ 2 የሚባለው ማሽን ሴፓሺያ ሊለው ይችላል። ባክቴሪያን በፕሮቲኑ የሚለየው ማሽን ማልዲ ቶፍ ደግሞ የመረጃ ቋቱ ውስጥ ባክቴሪያው ከሌለ የቅርብ ዘመዱን፣ እምብዛም ሰው የማያሳምመውን ቡርክሆልደሪያ ታይላንደንሲስን ስም ያወጣል፤ በሙሉ እምነት፣ በአረንጓዴ ቀለም። ማሽን የማያውቀውን ፊት በሚያውቀው ስም ይጠራዋል። ስለዚህ ከደም ወይም ከጥልቅ መግል «ሴፓሺያ»፣ «ታይላንደንሲስ» ወይም «ክሮሞባክቴሪየም» የሚል ውጤት ሲመጣ ሦስቱ ዲስኮች ይቀመጡ፤ የላቴክስ አግሉቲኔሽን ወይም የስትሪፕ ምርመራ ካለ ይጨመር፤ ማረጋገጫው በፒሲአር ይሁን። የደም አንቲቦዲ ምርመራ ለዚህ አይታመንም። በሽታው በተለመደበት አገር ጤነኛውም ፖዘቲቭ ይሆናል፤ በጽኑ የታመመው ደግሞ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ስለ አፍንጫ። ባክቴሪያው የእርጥብ አፈር ሽታ አለው፤ ዝናብ የመታው ጓሮ ይመስላል። አሮጌ መጻሕፍት ይህን እንደ መለያ ይጽፉታል፤ በየቤተ ሙከራውም ክዳን ገልጦ ማሽተት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ሲሸት የሚገባው አየር ባክቴሪያውንም ይዞ ሊገባ ይችላል። ጥርጣሬ ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ፕሌቱ በቴፕ ይታሸግ፣ የሚከፈተው ባዮሴፍቲ ካቢኔት (አየሩን እያጣራ ሠራተኛውን የሚጠብቅ የሥራ ሣጥን) ውስጥ ብቻ ይሁን፣ ሴንትሪፉጁም ክዳን ያለው ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰ ጨርቅ ተጥሎበት በረኪና ይፈስበታል፤ ጠርሙሱ ላይ 5 ከመቶ የሚል ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ፣ በዕለቱ የተበጠበጠ፣ ለ30 ደቂቃ። ካቢኔት ሳይኖር ክዳኑን የከፈተ ወይም ያሸተተ ሠራተኛ ካለ ኮትሪሞክሳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ለ21 ቀን ይሰጠዋል፤ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይጀመራል። ሙቀቱንም ለ21 ቀን ጠዋትና ማታ ይለካል። ስኳር ያለበት ሠራተኛ ከሁሉም በላይ ይጠንቀቅ።

ስኳር በሽታ ለሜሊዮይዶሲስ ዋናው በር ነው። ቀጥሎ ብዙ አልኮል መጠጣት፣ የቆየ የኩላሊት በሽታ፣ የቆየ የሳንባ በሽታና ታላሴሚያ (በዘር የሚተላለፍ የደም ማነስ) ይመጣሉ። ኤችአይቪ እንደሚጠበቀው ትልቅ መንሥኤ አለመሆኑ ብዙ ሐኪም ያስገርማል። ከአምስት ታማሚ አራቱ ገደማ ከእነዚህ ችግሮች ቢያንስ አንዱ አለባቸው። ከተጋለጡ በኋላ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 21 ቀን ባለው ውስጥ ይታያል፤ በጥቂቶች ግን ተደብቆ ይከርማል።

የሚመስለው ነገር ብዛቱ! ከግማሽ ያህሉ በሳንባ ምች ይመጣሉ። ታይላንድ ውስጥ ሕፃናት በአንድ ጎን የጆሮ ግንዳቸው አብጦ ይመጣሉ፤ ጆሮ ደግፍ ነው ይባላል፣ ሲቀደድ ግን መግል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከታመሙት ወንዶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ፕሮስቴቱ ላይ መግል ይገኝበታል። ስለዚህ የሽንት መሽናት ችግር ባይኖር እንኳ በሽታው የተረጋገጠበት ሰው ሆዱና ዳሌው በሲቲ ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። ጣፊያ ላይ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳ የሚመስል መግል በስኳር ታማሚ ሲታይ ጥርጣሬው ከፍ ይላል።

የከረመው ዓይነት ደግሞ ቁርጥ ቲቢ ነው፦ ሳል፣ ክሳት፣ የሌሊት ላብ፣ በራጅ ላይኛው ሳንባ ውስጥ ጉድጓድ። ለእኛ ሰው ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪሙ አክታው ኔጌቲቭ ቢሆንም፣ ጂን ኤክስፐርቱም ባያገኘው የቲቢ መድኃኒት ቢጀምር የሚፈረድበት አይደለም። ግን በሽተኛው ስኳር ያለበት ከሆነና ለንግድ ወይም ለሕክምና ባንኮክ፣ ወይም ደቡብ ሕንድ ቆይቶ የተመለሰ ከሆነ፣ ሁለት ወር መድኃኒት ወስዶም ካልተሻለው፣ አክታው ለቲቢ ብቻ ሳይሆን ለተራ ባክቴሪያ ካልቸርም መላክ ነበረበት። «ከአገር ወጥተው ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ባለፈው ወር» ተብሎ መገደብ የለበትም። ዘመድ ያሳከመ አስታማሚም ተጓዥ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይረሳል።

ናሙና ሲወሰድ አንድ ጠርሙስ ደም አይበቃም። በደም ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብዛት ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ያህል ነው፤ 3 ሚሊ ሊትር የቀዳ ሰው ዓሣውን በማንኪያ እያጠመደ ነው። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር፣ ቢያንስ ሁለት ጠርሙስ። ከደሙ ጋር የጉሮሮ ስዋብ፣ ሽንት (ሴንትሪፉጅ ተደርጎ ዝቃጩ ይዘራል)፣ አክታ፣ መግል ካለ መግል፤ ሳል ባይኖርም፣ ሽንቱ ባያቃጥልም። ሁሉም ተደምሮ እንኳ ካልቸር የሚያገኘው ከ100 ታማሚ 60 ያህሉን ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ኔጌቲቭ ውጤት «የለም» ማለት አይደለም፤ «ድገሙ» ማለት ነው። ባክቴሪያው ጉሮሮ ወይም ሽንት ውስጥ ከተገኘ ግን ያለ ክርክር በሽታ ነው፤ እንደ ሌላው ባክቴሪያ ሰው ላይ ተላምዶ በሰላም አይኖርም።

ሕክምናው ከተለመደው መንገድ ይወጣል፤ ሰው የሚሞተውም በተለመደው መንገድ ሲሄድ ነው። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ጄንታማይሲን ምንም አያደርጉትም። ሴፍትሪያክሶን ከሁሉም የከፋ ወጥመድ ነው፤ ባክቴሪያው ዲስኩ ላይ ይሸነፍለታል፣ ሰው ላይ ግን በሴፍታዚዲም ከታከመው ይልቅ የሚሞተው ይበዛል። በየሆስፒታሉ ትኩሳት ያለበት ሁሉ የሚጀመርለት ሴፍትሪያክሶን እንደሆነ ይታወቃል። ታይላንድ ውስጥ፣ ኡቦን ራቻታኒ ላይ ተደርጎ በ1989 የወጣ ጥናት ሴፍታዚዲም በጽኑ የታመሙትን ሞት ከ74 ከመቶ ወደ 37 ከመቶ እንዳወረደ አሳየ። ግማሽ በግማሽ፣ በአንድ መድኃኒት ለውጥ!

የመጀመሪያው ምዕራፍ በደም ሥር ነው፤ ሴፍታዚዲም 2 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ወይም በጽኑ ለታመመ ሜሮፔነም 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ፤ አንጎል ከተነካ ሜሮፔነሙ 2 ግራም ይሆናል። ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይስተካከላል። ትንሹ ጊዜ 10 እስከ 14 ቀን ነው። ሁለቱንም ሳንባ ለያዘ ምች ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ ጉበት ወይም ጣፊያ ላይ መግል ካለ 4፣ አጥንት 6፣ አንጎል 8 ሳምንት። ቆጠራው የሚጀምረው መድኃኒቱ ከተጀመረበት ቀን አይደለም፤ መግሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከፈሰሰበት ቀን ነው። በ12ኛው ቀን ጉልበቱ እንደገና ተከፍቶ መግል ከወጣ 12ኛው ቀን ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ «ሁለት ሳምንት ብላችሁን ነበር» የሚል ጠብ ይመጣል።

ትኩሳቱ ቶሎ አይለቅም። ትክክለኛው መድኃኒት ተጀምሮም ታይላንድ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ መካከለኛው ጊዜ 9 ቀን ነው። በአራተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መድኃኒት መቀየር ብዙ የሚታይ ስሕተት ነው። ይልቅ ያልፈሰሰ መግል ይፈለግ፣ የደም ካልቸርም እስኪጠራ በየሳምንቱ ይደገም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የአፍ መድኃኒት ነው፤ ኮትሪሞክሳዞል። 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ሰው 320/1600 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ። በሚታወቀው ባለ 480 ፍሬ 8 በቀን፣ በባለ 960ው 4 በቀን ማለት ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ለመከላከያ ከሚወስደው በቀን አንድ ባለ 960 አራት እጥፍ ስለሆነ ፋርማሲው «ስሕተት ነው» ብሎ ቢመልሰው አይገርምም፤ በማዘዣው ላይ ምክንያቱን መጻፍ ይጠቅማል። ከ40 እስከ 60 ኪሎ ለሚመዝን 240/1200 ይሆናል። ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊ ግራም በየቀኑ ይጨመራል። ጊዜው 3 ወር፤ ለአጥንትና ለአንጎል 6 ወር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ሴል፣ ፖታሲየምና ክሪያቲኒን በየሳምንቱ ይታያሉ። ፖታሲየም ከፍ ሊል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ሊመጣ ይችላል፤ ሽፍታው አፍና ዓይን ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ይቆማል። በሽታው እንዲመለስ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ቀድሞ ማቆም ነው።

የሰሜን አውስትራሊያዋ ዳርዊን ከተማ ከጥቅምት 1989 ጀምሮ ያለውን ታማሚ ሁሉ መዝግባለች። በ30 ዓመት 1,148 ሰው፤ የሞተው በጠቅላላው 12 ከመቶ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 31 ከመቶ የነበረው ሞት በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት 6 ከመቶ ደረሰ። ባክቴሪያው አልደከመም፣ ተአምረኛ መድኃኒትም አልመጣም። ቶሎ ይጠረጠራል፣ ቶሎ ይዘራል፣ ትክክለኛው መድኃኒት በመጀመሪያው ሌሊት ይገባል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉም ጥሩ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የዳርዊን ሐኪም በዝናብ ወቅት የሳንባ ምች የያዘው ሁሉ ሜሊዮይዶሲስ ይመስለዋል። በዚህ ጉዳይ በልጥ መበርየት ጥሩ ነው።

«ተጉዘው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የሚወድቅበት ጊዜ መኖሩን ያሳየው በ2021 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነው። በጆርጂያ፣ በካንሳስ፣ በሚኔሶታና በቴክሳስ አራት ሰዎች በሜሊዮይዶሲስ ታመሙ። ሁለቱ ሞቱ፤ አንዱ ልጅ ነበር። አንዳቸውም ከአገር አልወጡም፣ አንዳቸውም ሌላውን አያውቁም። የባክቴሪያዎቹ ጂኖም ሲነበብ ግን አራቱም የአንድ ምንጭ ልጆች ሆኑ፤ ዘራቸውም የደቡብ እስያ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ከቤታቸው አፈር፣ ውኃ፣ ሳሙና፣ ምግብ እያነሳ ከ100 በላይ ናሙና መረመረ። በጥቅምት ተገኘ፤ ሕንድ ውስጥ የተሠራ፣ ላቬንደርና ካሞማይል የሚሸት፣ ውስጡ ትንንሽ የከበሩ ድንጋዮች የተጨመሩበት የቤት መዓዛ መርጫ። 3,900 ገደማ ጠርሙስ ከገበያ ተሰበሰበ። በነገራችን ላይ፣ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የቤት ራኩን የዚህን መርጫ ጠርሙስ ሰብሮ በፈሳሹ ላይ ተራምዶ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሞተ።

ውኃ ላይ የተመሠረተ መዓዛ፣ በደንብ ያልተጠበቀ፣ ወደ ብናኝ ተለውጦ አልጋና ትራስ ላይ የሚረጭ። ባክቴሪያው ራሱ ቢመርጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም ነበር። ለሸማቹ የተሰጠው መመሪያ ዝርዝር ነበር፤ ጠርሙሱ አይከፈት፣ ቆሻሻ ውስጥ አይጣል፤ በሁለት ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ተደራርቦ ታሽጎ፣ በትንሽ ካርቶን ተደርጎ ወደ ተገዛበት ይመለስ። አንሶላው በተራ ሳሙና ታጥቦ በሞቀ ማድረቂያ ይድረቅ፣ ጠረጴዛው በማጽጃ ይወልወል። ባክቴሪያው ለረጅም ጊዜ የሚኖረው እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ ሙቀትና በረኪና አይችልም።

በ2022 ደግሞ ሚሲሲፒ ላይ «ባክቴሪያው አሜሪካ አፈር ውስጥ የለም» የሚለው ግምት ወደቀ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተቀራርበው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በ2020 አንዱ በ2022፣ ተመሳሳይ ባክቴሪያ ያዛቸው። በታማሚዎቹ ቤት ዙሪያ ከአፈርና ከቆመ ውኃ ከተወሰዱት ናሙናዎች ሦስቱ ፖዘቲቭ ሆኑ። የአሜሪካ ዋና ምድር አፈር ውስጥ ባክቴሪያው በምርመራ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የምትኖሩና ስኳር ያለባችሁ፣ ከጎርፍ በኋላ ጓሮ ስትጠርጉ ቦቲና ጓንት አድርጉ፤ እግር ላይ ቁስል ካለ ውኃ በማያስገባ ይሸፈን።

ለሐኪም የሚቀረው የላቦራቶሪ ቅጹ ነው። «ካልቸር» ብሎ ብቻ መላክ ፕሌቱን በ48 ሰዓት ማስጣል ነው። ከታች ባለው ባዶ መስመር ላይ የሚጻፈው ይህን ያህል ነው፦ «ስኳር ታማሚ፤ ሜሊዮይዶሲስ ይጠረጠራል። ፕሌቶቹ በካቢኔት ውስጥ ብቻ ይከፈቱ፣ እስከ አራተኛው ቀን አይጣሉ። ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ግራም ኔጌቲቭ ዘንግ ከበቀለ ሦስቱ ዲስኮች ይቀመጡና ይደወልልኝ።» ከሥሩም የሌሊት ተረኛው ጭምር የሚያነሳው ስልክ ቁጥር።